ለታማሚው ንገሩት

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ እንግዳ የተናገረው ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። የማይድን ካንሰር ለያዘው ሰው እውነቱን መንገር «የፈረንጅ ባህል ነው» አለ። «እኛ ጋ ሰውን ከሕመሙ በፊት ወሬው ይገድለዋል።» አዘጋጁም «ልክ ነው» ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ።

እኔ ግን አላልፈውም። የፈረንጅ ባህል? እድር የማን ነው? በየወሩ ተሰብስበን፣ ስማችን እየተጠራ፣ ለገዛ ቀብራችን ገንዘብ የምናዋጣ ሰዎች ነን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ተገዝቶ ይጠብቀናል። አባቶቻችን ሕመም ሲጠናባቸው የንስሐ አባታቸውን ያስጠሩ ነበር። ልጆቻቸውን አልጋቸው ዙሪያ ሰብስበው ይመርቁ፣ ይናዘዙ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «አፉ በሉኝ» ተባብለው ነው የሚለያዩት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ፣ ሞቱ መቃረቡ የተሰማው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃሉ መናዘዝ እንደሚችል ይናገራል። ታዲያ መቃረቡን ከደበቅነው በምን ይወቀው? ይሄ ሁሉ ሥርዓት የተሠራው መሞቱን ለሚያውቅ ሰው ነው። ባህላችን እሱ ነው። የራሳችንን ፍርሃት ባህል እያልን አንጥራው።

አክስቴን እኛም ዋሽተናታል። ሕመሙ የጉበት ካንሰር ነበር፤ «ጨጓራ ነው» አልናት። አምስት ወር ሙሉ! አጠገቧ ቁጭ ብለን ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራለን፤ በረንዳ ወጥተን እናለቅሳለን። ልጇ ዱባይ ናት። «እማዬን አገናኙኝ» ባለች ቁጥር «ተኝታለች» አልናት። እናቷን በስልክ እንኳ ሳትሰናበት መርዶዋን ሰማች።

አንድ ቀን ከሰዓት አክስቴ እጄን ያዘችና «ልጄ፣ እንዲያው ይሄ ጨጓራ...» ብላ ጀመረች። «አይዞሽ፣ ደሞ ምን ሆንሽና!» ብዬ ትራሷን አስተካክዬ ወጣሁ። ምን ልትለኝ እንደነበር አሁን ማንን ልጠይቅ?

ያረፈች ሌሊት ሳጥኗን ስንከፍት መገነዣዋን አገኘነው። ታጥቦ፣ ተጣጥፎ፣ እጣን እጣን ይሸታል። ከሥሩ የእድር ደብተሯ አለ። የሦስት ወሩን ቀድማ ከፍላለች። ታውቅ ነበር። እኛ እንዳንደነግጥ እሷም ዋሽታናለች። አምስት ወር አንድ ቤት ውስጥ እየተዋደድን፣ እየተሸዋወድን፣ ሳንሰነባበት ተለያየን። ምርቃቷን እንኳ አልተቀበልንም።

አዎ፣ አነጋገሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ወረቀት እያገላበጡ የሚነገር ነገር አይደለም። ሁሉን በአንድ ቀን ማፍሰስም አያስፈልግም። ሰው ግን የራሱን ሞት ከሁሉ በኋላ መስማት የለበትም። ለቤተሰብ ተነግሮ፣ ለጎረቤት ተንሾካሹኮ፣ ለእሱ ብቻ ሲደበቅ ገና በሕይወት እያለ ከሰው ተራ አወጣነው ማለት ነው።

«ወሬው ይገድለዋል» ለሚለው ደግሞ ጎረቤታችን የነበሩትን ጋሼን ላንሳ። ሐኪማቸው ከባለቤታቸው ጋር አስቀምጦ ቁልጭ አድርጎ ነገራቸው። ሦስት ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። በአራተኛው ቀን «ፀሐይ ላይ አውጡኝ» አሉ። በመሬት የተጣሉትን፣ 11 ዓመት ያልተነጋገሩትን ወንድማቸውን ራሳቸው ደውለው አስጠሩ። ወሬው ገደላቸው? ስምንት ወር ኖሩ። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ባለቤታቸው ቡና ያፈላሉ፤ ጋሼ መጠጣት ሲያቅታቸው ሽታው ይበቃኛል ብለው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ድሮ በቡና ሰዓት ቤት የማይገኙ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ዛሬም ሲያገኙኝ የሚያነሱት ያንን በረንዳ ነው። «40 ዓመት በትዳር ኖረን» ይሉኛል፣ «እንደዚያ ስምንት ወር ተጫውተን አናውቅም።»