ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ፈት

ጀርመን አገር ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበት መጋዘን ሠራተኛ ሲቀንስ የእኔም ስም ከተቀናሾቹ ጋር ወጣ። ጥር ላይ ደግሞ የታናሽ እህታችን ሠርግ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰኝን ትኬት ከመቁረጤ በፊት የሥራ አጥ ክፍያ የሚሰጠኝን የመንግሥት የሥራ ኤጀንሲ ማስፈቀድ እንዳለብኝ በስልክ ስነግረው ወንድሜ ሳቁ አላቆም አለው። «ወንድም ጋሼ፣ ሥራ የለህም አይደል? ታዲያ ፈቃዱ ከምኑ ነው?»

ከሥራ ፈትነቱ ነው። እዚያ የሥራ አጥነት መድን የሚከፈለው ሰው ዛሬ ሥራ ቢገኝለት ነገ የሚገባ መሆን አለበት። ክፍያው ሳይቋረጥበት ከአካባቢው መራቅ የሚችለው አስቀድሞ ከተፈቀደለት ብቻ ሲሆን፣ ያም በዓመት ቢበዛ 3 ሳምንት ነው። ሥራ ፈቱም የዓመት ዕረፍት አለው ማለት ይቻላል።

ገንዘቡ ምጽዋት አይደለም። ከደመወዝ 2.6 በመቶ እየተቆረጠ፣ ግማሹን ሠራተኛው፣ ግማሹን አሠሪው የሚያዋጡት ነው። ባለፉት 30 ወራት ውስጥ ቢያንስ 12 ወር የከፈለ ሰው ከተጣራ ደመወዙ 60 በመቶ፣ ልጅ ካለው 67 በመቶ ያገኛል። ዕድሜው ከ50 በታች ከሆነ ክፍያው ከአንድ ዓመት አያልፍም። ያለ በቂ ምክንያት በገዛ ፈቃዱ ሥራውን የለቀቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይቀጣል።

ጣጣው የሚጀምረው ትንሽ ልሥራ ሲባል ነው። በሳምንት ከ15 ሰዓት በታች መሥራት ይፈቀዳል፤ 15 ከሞላ ግን ሰውየው ሥራ አጥ መባሉ ይቀርና ክፍያው ይቆማል። ከሚያገኘው ላይ በወር 165 ዩሮ ለራሱ ይቀርለታል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከድጎማው ላይ ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. በ2025 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 12.82 ዩሮ ነበር። ሲሰላ 165 ዩሮ የሚሞላው በወር በ13 ሰዓት ገደማ ነበር። እኔ አንድ ዳቦ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ብቻ ስሠራ፣ ባለቤቱ ተጨማሪ ሰዓት በሰጠኝ ቁጥር ሰበብ ስፈልግ ከረምኩ። ስንፍና እንዳይመስለው ፈርቼ ወገቤን ያመኛል ያልኩበት ቀንም ነበር።

ሥልጠናውም የራሱ ቀልድ አለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፎርክሊፍት ስነዳ፣ ዕቃ ስመዘግብና ስጭን ኖሬ ወረቀት ስለሌለኝ በሕግ ዓይን ሙያ የለኝም። ስለዚህ ከሠርጉ መልስ በመጋዘን ሙያ የሁለት ዓመት ትምህርት እንድጀምር ተወሰነልኝ። ትምህርቱ ተከፍሎልኝ፣ መተዳደሪያዬ ሳይቋረጥ፣ በወር 150 ዩሮ ተጨምሮ፣ የአጋማሹን ፈተና ሳልፍ 1,000፣ የመጨረሻውን ሳልፍ ደግሞ 1,500 ዩሮ ሽልማት። እኛም አገር ቴክኒክና ሙያ አለ፤ በልምድ ያወቁትን ሙያ የሚያስመሰክሩበት የብቃት ምዘናም አለ። ግን ሰልጣኙ ክፍል ውስጥ በተቀመጠባቸው ወራት የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?

ወንድሜም ከአንድ ፋብሪካ ከተቀነሰ ዓመት ሊሞላው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የሥራ አጥነት መድን የለም፤ ያለው በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የስንብት ክፍያ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተከታይ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በቅነሳ ለወጣ ደግሞ የ60 ቀን ጭማሪ። አሥር ዓመት ለሠራው ወንድሜ የስድስት ወር ደመወዝ መሆኑ ነው። በአንድ ጊዜ ተቀበለ፤ የት ሄድክ፣ ምን አደረግህበት ያለው መሥሪያ ቤት የለም። ዕዳ ከፈለ፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ከፈለ፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ መድኑ እኔ ሆንኩ። የራሴ ገቢ ወደ 60 በመቶ ወርዶም በየወሩ 100 ዩሮ መላኬን አላቋረጥኩም። ውለታ አድርጌ እንዳልቆጠርኩት ለራሴ እነግረው ነበር። እሑድ እሑድ ስደውል ግን ከሰላምታው ቀጥሎ የምጠይቀው «ሥራው ምን ደረሰ? የት የት አመለከትክ?» ነበር። ኤጀንሲው ውስጥ ያለችው ሴትዮ በትክክል በእነዚሁ ቃላት ነው የምትጠይቀኝ። እሷ እንኳ በየሳምንቱ አትደውልም።

የሠርጉ ማግስት እኛ ሰፈር ካለ አንድ ጋራዥ ስደርስ ወንድሜን በዘይት የራሰ ቱታ ለብሶ መኪና ሥር ተኝቶ አገኘሁት። ለካ በሳምንት ሦስት ቀን መሥራት ከጀመረ አራት ወሩ ነው። ወጥቶ ቆመ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ዓይኔን ሸሸ። «ከነገርኩህ መላኩን ታቆማለህ ብዬ ነው፣ ጋሼ። የማገኘው እኮ አያደርስም።»

በቀን ስንት እንደሚከፍሉት ጠየቅሁት። ነገረኝ። እሱ እያወራ ሳለ እኔ በልቤ ያንን በአሥራ ሁለት አባዝቼ ወደ ዩሮ ቀይሬ ከመቶው ላይ መቀነስ ጀምሬ ነበር።