ጨረቃ የቀደመችው ሻንጣ

ሰው ጨረቃን የረገጠው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በርናርድ ሳዶው የተባለ አሜሪካዊ ባለ ጎማ ሻንጣውን በፈጠራ መብት ያስመዘገበው ደግሞ በ1972። እስቲ አስቡት፤ ሰው ጨረቃ ድረስ ልኮ በሰላም የመለሰ ዓለም፣ አየር ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ ተሸክሞ ያልበው ነበር።

ጎማ ጠፍቶ አይደለም። ሻንጣም ሞልቷል። የጠፋው ሁለቱን አጋብቶ ለገበያ የሚያበቃ ሰው ነው። ሳዶው የሻንጣ ኩባንያ ሰው ነበር። በ1970 ከእረፍት ሲመለስ፣ ሁለት ከባድ ሻንጣ ይዞ እያቃሰተ፣ አንድ ሠራተኛ ትልቅ ማሽን ጎማ ባለው ነገር ላይ ጭኖ ዘና ብሎ ሲገፋ አየ። በቃ። ሌላው መንገደኛ ጡንቻውን ሲረግም እሱ ወለሉን አየ።

ሱቆቹ ግን መጀመሪያ ላይ እምቢ አሉ። ወንድ ልጅ ሻንጣ አይጎትትም ተባለ። ወገብ ይቀጭ እንጂ ክብር አይነካ! እኔ እንደሚመስለኝ ችግራችንን እንወደዋለን። ስንት ዘመን የተሸከምነውን አንዱ መጥቶ በጎማ ሲገላግለን እንቀየማለን። ያ ሁሉ ላብ ሊረክስብን ነዋ!

የምሠራበት ቦታ አንድ በር አለ። የሚከፈተው ሲገፋ ነው። ግን ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ እጀታ ነበረው፤ ስለዚህ ሁሉም ይጎትተዋል። «ይግፉ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ጎተቱት። በቀይ ተጻፈ። አሁን እያነበቡ ጎተቱት። ስብሰባ ተጠራ። አንዱ የንባብ ባህላችን መውደቁን አነሳ። ሌላው ሥልጠና ይሰጥ አለ። «በአዲስ ዕይታ እንየው» ያሉት አለቃችን ተለቅ ያለ ፊደል አዘዙ።

ወለል ሊወለውሉ የገቡ እናት፣ «ልጆቼ፣ እንዲገፋ ከሆነ የሚጎተት ነገር ምን ያደርግለታል? ንቀሉታ!» አሉ።

ዝም ዝም ሆነ። አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ይጠና» አሉ። አጥኚ ኮሚቴ ተቋቋመ። እናታችን አልተካተቱም። በሩን በየቀኑ ከሚወለውል ሰው ይልቅ በሩን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈለጋል መሰለኝ።

እጀታው በስንት መከራ ተነቀለ። በቦታው ጠፍጣፋ ብረት ገባ፤ ሁሉም ሳያስብ ይገፋዋል። ሪፖርቱ «ኮሚቴው ባካሄደው ሰፊ ጥናት» ብሎ ይጀምራል። ቀዩ ወረቀት ግን እስካሁን እንደተለጠፈ ነው። እንዲነሣ የሚፈቅደው ደብዳቤ ገና አልተፈረመም።