የመዋዕለ ሕፃናት ምርቃት ልጁ የቻለውን ያሳይ

ሰኔ ሲገባ በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች የስብሰባ አዳራሾች በሕፃናት ይሞላሉ። የመዋዕለ ሕፃናቱን የመጨረሻ ክፍል፣ ዩኬጂን፣ ያጠናቀቁ የ6 ዓመት ልጆች ጋዋን ለብሰው፣ ባለ ዘርፍ ቆብ ደፍተው በሰልፍ ይገባሉ፤ በእንግሊዝኛ ይዘምራሉ፤ የክብር እንግዳ ንግግር ያደርጋል፤ ወረቀት ይሰጣል፤ ፎቶ ይነሳል፤ ኬክ ይቆረሳል። ልጅ አደገልኝ ብሎ መደሰት የወላጅ ወግ ነው፤ በዚያ ቀን እንባ የሚተናነቃቸው እናቶች ደስታም እውነተኛ ነው። የሚያሳዝነው ሥነ ሥርዓቱ ስለ ልጁ ምንም አለመናገሩ ነው። ፊደል የለየውም ገና የሚደናገረውም ያው አንድ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ልዩነት የሚታየው በከፈለና ባልከፈለ መካከል ብቻ ነው፤ የጋዋን ኪራይ፣ የፎቶና ቪዲዮ፣ የመጽሔትና የአዳራሽ ወጪ አንድ ላይ ተደምሮ ሲመጣ ያልቻለ ወላጅ ልጅ በዚያ ቀን ቤት ይውላል። ይህ አንዱ ብቻውን ልማዱን ለመለወጥ ይበቃል።

ድግስ ከችሎታ ጋር የተያያዘበት ሥርዓት በአገራችን ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ የፊደል ገበታውን ይዞ፣ በስንደዶ እየጠቆመ፣ መጀመሪያ ሀሁን በተርታ ይቆጥራል። ተርታው በዜማ ስለሚሸመደድ ዓይኑን ጨፍኖም ሊወጣው ይችላል። መምህራኑ ይህን ስለሚያውቁ ቀጥለው አቡጊዳን ያመጣሉ፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እዚህ ላይ ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚቀየር በቃል የያዘው ተርታ አያድነውም፤ ቅርጹን ለይቶ ማወቁ የሚረጋገጠው በዚህ ነው። ከዚያ የዮሐንስ መልእክት ቁጥር፣ ግእዝ፣ ውርድ ንባብና ቁም ንባብ በሚባሉ የንባብ ደረጃዎች ይሄዳል፤ መጨረሻው 150 መዝሙራት ያሉት ዳዊት ነው። ልጁ ዳዊት ሲደግም ቤተሰብ ይደግሳል፣ መምህሩም ስጦታ ያገኛል። በቁርኣን ቤትም በእንጨት ሰሌዳ እየጻፈና እያጠበ የተማረ ልጅ ቁርኣኑን ሲያኸትም፣ ማለትም ቀርቶ ሲጨርስ፣ ቤተሰቡ ደስታውን ይገልጻል። በሁለቱም ዘንድ ድግሱ የሚመጣው ልጁ በሰው ፊት ካነበበ በኋላ ነው፤ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይድረስ የሚል አልነበረም።

ያንን ዘመን ማስዋብ ግን አይገባም። አለንጋ ነበር። ሴቶች ልጆች ጥቂት ነበሩ። ከሁሉም በላይ ልጁ አሳምሮ የሚያነበው ግእዝ ነው፤ ትርጉሙን የሚያውቀው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፣ ከቀጠለ። ድምፅ ያለ ትርጉም መሸከም የዚያ ትምህርት ትልቁ ጉድለት ነበር።

ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት በአገራችን ሲጀምር ለጥቂቶች ነበር፤ ጅማሬው በተለምዶ ድሬዳዋ ላይ በምድር ባቡሩ ሥራ ከነበሩ ፈረንሣውያን ልጆች ጋር ይያያዛል። በደርግ ዘመን የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ተከፍተው የብዙ ደሃ ቤተሰብ ልጆችን አቀፉ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናትን የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት የሚያግዝ ደረጃ አድርጎ ቢያስቀምጠውም፣ ከተማ ውስጥ ሥራውን በአብዛኛው የያዙት የግል ትምህርት ቤቶች ሆኑ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍ ከመዋዕለ ሕፃናት ሌላ ሁለት መንገዶችን ጨመረ፦ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ከ1ኛ ክፍል በፊት የሚሰጠውን «ኦ» ክፍልና ትልልቅ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን እያጫወቱ የሚያለማምዱበትን ከልጅ ለልጅ የተባለውን ዘዴ። የ2015ቱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የ2 ዓመት ደረጃ አደረገው። ብዙ ሕፃናት ትምህርት ቤት ደጃፍ እንዲደርሱ ያደረገው «ኦ» ክፍል ነው፤ ጋዋንና አዳራሽ ግን በአብዛኛው እዚያ የለም።

የግል ኬጂው የጥንቱን ጉድለት በሌላ ቋንቋ ደግሞታል። ልጁ በመድረክ ላይ የእንግሊዝኛ መዝሙር ሳይደናቀፍ ይወጣል፤ ወርዶ ግን የዘመረው ምን እንደሆነ ቢጠየቅ በአፍ መፍቻው መናገር አይችልም። ወላጅ ለእንግሊዝኛው ስለሚከፍል ትምህርት ቤቱም እሱን ያሳያል። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ በተሰጣቸው ምንባብ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ክፍተቱ የት እንደሚጀምር ለሚያይ ሰው የዩኬጂ ሰኔ ወር ለመዝሙር ልምምድ የሚባክን ጊዜ አይደለም።

ልምምዱ ደግሞ ብዙ ይበላል። ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ ክፍሉ ሰልፍና መዝሙር ብቻ ይሆናል። በዕለቱ የሚበላሸውም በየዓመቱ ያው ነው፦ ልጆቹ ጠዋት ለፎቶ ይሰበሰቡና ምግብ ሳይቀምሱ ይቆያሉ፤ ስፒከሩ ከፊት ረድፍ አጠገብ ይቆምና ትንንሾቹ ጆሯቸውን ይዘው ያለቅሳሉ፤ የተከራዩት ጋዋን እየረዘመ ደረጃ ላይ ይጥላቸዋል፤ ሰው ሠራሽ ጨርቁ በተጨናነቀ አዳራሽ ያልባቸዋል፤ ንግግሩ ሲረዝም ሽንት ቤት የሚወስዳቸው ሰው አይገኝም።

ሌላ ዓይነት ቀን ማዘጋጀት ይቻላል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ቦታው የትምህርት ቤቱ ግቢ ይሁን። ሰኔ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘንብ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 5 ሰዓት ሳይሞላ ይለቅ። መድረክ አያስፈልግም፤ በየጥጉ አራት ጠረጴዛ ይበቃል። በአንዱ ላይ የፊደል ካርዶች ይደረደራሉ፤ ልጁ የሚያውቃቸውን መርጦ ቃል ይሠራል፣ ስሙን የሚሠራም አለ፣ «በላ» ወይም «ቤት» የሚልም አለ። በሁለተኛው ሥዕል አይቶ በቤቱ ቋንቋ ታሪክ ይናገራል። በሦስተኛው ቆርኪ ወይም ባቄላ እየቆጠረ ይደምራል፣ ይቀንሳል። በአራተኛው ጭቃ፣ መቀስና የሚሰካ ዶቃ ይኖራል፤ ጣቱ ያልጠነከረ ልጅ እርሳስ በደንብ አይዝም፣ ወላጅ ይህን በዓይኑ ማየት አለበት። ልጁ ራሱ ወላጁን እጁን ይዞ ያዞራል። ይህ ፈተና አይደለም፤ ውጤትም አይጻፍበትም። እያንዳንዱ የቻለውን ስለሚያሳይ የሚያፍር የለም፣ ተራ ሲጠብቅ የሚሰላችም የለም። የሚወዱትን ነጭ የአገር ልብስ ለብሰው ቢመጡ ደግሞ ፎቶውም ያምራል።

ወላጁ ይዞት የሚሄደው ከመጽሔት ይልቅ የልጁ ሥራ ያለበት ክላሰር ቢሆን ይሻላል። መምህሯ በመስከረም፣ በጥርና በሰኔ ልጁ ስሙን እንዲጽፍና ቤተሰቡን እንዲሥል አድርጋ ሦስቱን ወረቀቶች ቀኑን ጽፋ ማኖር ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲታዩ ዕድገቱ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ወደ 1ኛ ክፍል መምህር የሚሄደው አንድ ገጽ ነው፤ አሁን በአብዛኛው የለም። በእሱ ላይ የሚሰፍረው በቤት የሚነገረው ቋንቋ፣ ልጁ የሚጽፍበት እጅ፣ ከሰሌዳ ሲያነብ ዓይኑን ማጥበቡ ወይም ሲጠራ አለመስማቱ፣ እንዲሁም የሚያደናግሩት ፊደላት ናቸው፦ «ተ»ና «ቀ»፣ «ሐ»ና «ጠ»። ካዕብና ሣልስ (እንደ «ቡ»ና «ቢ») ምልክታቸው ከሞላ ጎደል አንድ ወጥ ስለሆነ ልጆች ቶሎ ይይዙታል፤ ሳድስና ሳብዕ (እንደ «ብ»ና «ቦ») ግን ከፊደል ፊደል ስለሚለያዩ ብዙዎች እዚያ ይቆማሉ። ይህን አስቀድሞ ያወቀ የ1ኛ ክፍል መምህር መስከረምን ሁሉ ከሀ ጀምሮ በመቁጠር አያጠፋም። ገጹ ከመሰጠቱ በፊት ልጆቹ በሰኔ አንድ ጠዋት 1ኛ ክፍል ገብተው ወንበሩን፣ ሽንት ቤቱንና መምህሩን ቢያዩ መስከረም ላይ በር ላይ የሚያለቅሰው ቁጥር ይቀንሳል።

ይህን ለመወሰን ግንቦት ዘግይቷል፤ በዚያን ጊዜ የአዳራሹ ቀብድ ተከፍሏል፣ ጋዋኑም ታዟል። የወላጅ ኮሚቴዎች ጉዳዩን በጥር፣ ከግማሽ ዓመቱ ስብሰባ ጋር ማንሳት አለባቸው፤ ያኔ ርእሰ መምህሩም ለመምህራኑ የክላሰሩን ሥራ ለማስጀመር ጊዜ ይኖረዋል።