የዌስት ኦክላንድ ጭስ፦ ከቤት አድልዎ ነው ወይስ ከትራኩ?

መከራከሪያው ይሄ ነው፦ «ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦክላንድ ከተማ ወደብ አጠገብ ባለው ዌስት ኦክላንድ ሰፈር ላለው የአየር ብክለት ዋናው ምክንያት በጥቁሮች ላይ የተፈጸመው የመኖሪያ ቤት አድልዎ ነው።» ነርሷ ትደግፋለች፣ ከፖርቱ (ከወደቡ) ጭነት የሚያመላልሰው የትራክ ሾፌር ይቃወማል። ሁለቱም ሐበሾች ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነርሷ፦ ካርታውን ካየሁት ጀምሮ ካይምሮዬ አልወጣ አለኝ። በ1930ዎቹ አንድ የፌደራል መስሪያ ቤት ከ200 በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር እየመዘነ ቀለም ቀባቸው፣ አረንጓዴው ምርጥ፣ ቀዩ ለብድር አደገኛ፣ ዌስት ኦክላንድ ቀይ ነበረች፣ ጥቁር ሰው መኖሩ ራሱ እንደ ጉድለት ነበር ሚጻፈው። ብድር ከሌለ ቤቱ አይታደስም፣ መሬቱ ይረክሳል፣ ከዛ ፍሪዌይ (ፈጣን የመኪና መንገድ) የት እንስራ ሲባል ዓይን የሚያርፈው እዛ ነው። በ1957 ሳይፕረስ የሚባለው ባለሁለት ፎቅ ፍሪዌይ ሰፈሩን መሃል ለመሃል ሰንጥቆት አለፈ። ዛሬም ቢሆን ሀብታም ሰፈሮች ካሉበት ኮረብታ ስር በሚያልፈው 580 በሚባለው ፍሪዌይ ላይ ከ4.5 ቶን በላይ ትራክ ክልክል ስለሆነ ከባዱ ጭነት በዌስት ኦክላንድ በኩል በሚያልፈው በ880 ፍሪዌይ ይወርዳል፣ ይሄን እንኳን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ።

ሾፌሩ፦ አውቃለሁ እህቴ፣ በየቀኑ እነዳበታለሁ። ግን እኔ እዚህ አገር ስገባ ዌስት ኦክላንድ ነው የተከራየሁት፣ ማንም ገፍቶ አላስገባኝም፣ ኪራዩ ስለረከሰ ነው። ልጄን አስም ሲይዘው ሌሊት ሌሊት ተቀምጠን አድረናል፣ ስለዚህ ጭሱን አቅልዬ አይደለም። ግን ባቡሩ እዛ የደረሰው በ1869 ነው፣ ካርታው ከመሳሉ ስንት ዘመን በፊት፣ ሰዉ ስራ ፍለጋ ባቡሩና ፖርቱ ጋ ሰፈረ። ካርታው የነበረውን ጭስ መዘገበ እንጂ አላመጣውም። መፍትሄውም ከጭስ ማውጫው ነው የሚጀምረው፦ ከ2010 ጀምሮ አሮጌ ትራክ ያለ ፊልተር ፖርት እንዳይገባ ሲከለከል ጥላሸቱ በደንብ ቀነሰ፣ እኛ ሾፌሮች ተበድረን ነው የከፈልነው፣ የማንም የቤት ጉዳይ ሳይነካ።

ነርሷ፦ ኪራዩ ለምን ረከሰ ታዲያ ወንድሜ? ባቡሩ ጋ ነጭ ሰራተኛም እኮ ሰፍሮ ነበር። እሱ ደሞዝ ሲይዝ መንግስት ዋስ በሆነለት ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) ጎረቤት ከተማ ሳን ሊያንድሮ ቤት ገዝቶ ወጣ፣ ጥቁሩ ያው ደሞዝ ይዞ የቤቱ ውል ላይ ለጥቁር አይሸጥም የሚል ጠበቀው። ፍርድ ቤት ያን ውል አላስከብርም ያለው በ1948 ነው፣ አድልዎውን የሚከለክል የፌደራል ህግ ደግሞ በ1968፣ ፍሪዌዩ ከቆመ 11 ዓመት በኋላ። በ2022 የወጣ ጥናት 202 ከተሞችን አይቶ ቀይ በነበሩት ሰፈሮች ከሞተር የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከአረንጓዴዎቹ ከ50% በላይ ይበልጣል አለ። መውጣት የከለከለው አድልዎው ነው፣ ትራኩማ ኋላ መጣ።

ሾፌሩ፦ ያው ጥናት አንድ ቀለም ውስጥ እንኳ በዘር ልዩነት አለ ይላል፣ ስለዚህ ካርታው ሁሉንም አይገልጽም።

ነርሷ፦ አድልዎው ከካርታው ይሰፋል ማለት ነዋ! እኔም ካርታውን ብቻ አላልኩም። ደሞ ጭሱን ብቻ እናጽዳ ስትል ሳይፕረስን አስታውስ። በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ ሲፈርስ ነዋሪው መልሳችሁ እዚህ አትሰሩትም ብሎ ታገለ፣ በ1997 አዲሱ መንገድ ሰፈሩን ዞሮ ተሰራ፣ የድሮው ቦታ ዛፍ ተተከለበት፣ ማንዴላ ፓርክዌይ ተባለ። ደስ ይላል፣ ግን ኪራዩ ሲንር ያን ሁሉ ዓመት ጭሱን የተነፈሰው ሰው ስንቱ ቀረ? ኦክላንድ በ1980 ወደ 47% ጥቁር ነበረች፣ በ2020 ወደ 22% ወርዳለች። አንተስ ስትወጣ ያን ቤት ማን ተከራየው?

ሾፌሩ፦ ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ፣ ሦስት ትንንሽ ልጆች ነበሯቸው። አስባቸዋለሁ፣ በ880 ባለፍኩ ቁጥር መስኮታቸውን አያለሁ። የኪራዩን ነገር አሳመንሽኝ፣ አልክድም፣ የነዋሪው ኪራይ እንዳይንር ህግ ይውጣ። ግን እነዛ ልጆች ዛሬ ማታ የሚተነፍሱት የኔን ትራክ ጭስ ነው፣ የቤቱ ጉዳይ እልባት እስኪያገኝ ያድጋሉ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ገንዘብ ሚወጣው ለኤሌክትሪክ ትራክ ይሁን ነው የምለው።

ነርሷ፦ ሁለቱም አንድ ላይ ካልሆነ አልስማማም። ንጹህ አየሩ ሲመጣ እነሱ እዛው ቤት ካልጠበቁት ለማን ነው የምናጸዳው?