የሳጥኑ ነገር

ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ከቆመው የድንጋይ አንበሳ ትንሽ አለፍ ብሎ በሸራ የተከለለች ጀበና ቡና አለች። አራት ኩርሲ፣ አንድ ረከቦት፣ አንድ የከሰል ምድጃ። ክረምት ሲሆን ሸራው ላይ ውሃ ያቁራል። ባለቤቷ በመጥረጊያ እጀታ ከስር ስትገፋው ዷ ብሎ አስፋልቱ ላይ ይወርዳል። ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ ኤዲቲንግ የሚሠራው ልጅ ላፕቶፑን የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀመጠና አንድ የሩሲያ ፊልም ከፈተልን። «መመለስ» ይባላል። የአንድሬይ ዝቪያጊንሴቭ የመጀመሪያ ፊልም ነው።

«እ.ኤ.አ. በ2003 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ የወሰደ ነው» አለ ልጁ።

የራይድ ሹፌሩ በሸራው ቀዳዳ ሐውልቱን አየት አደረገና «የኛው ድንጋይ ሆኖ ቀረ» አለ።

ታሪኩ ብዙ አይደለም። ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ታላቁ አንድሬይ፣ ታናሹ ኢቫን። አንድ ቀን ቤት ሲገቡ፣ 12 ዓመት የጠፋው አባታቸው አልጋ ላይ ተኝቷል። ማታ ገበታ ላይ ዶሮ ይቆራርሳል፣ ወይን ይቀዳል። በነጋታው ልጆቹን ዓሣ እናጠምዳለን ብሎ በመኪና ይዟቸው ይሄዳል። የት እንደነበረ አንድ ቃል አይወጣውም። በኋላ ሰው የማይኖርበት ደሴት ይደርሳሉ፤ እዚያ አባትየው ከመሬት ስር አንድ ሳጥን ቆፍሮ ያወጣል።

ከፊልሙ ግርጌ የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነበር። አብረውን የነበሩት ጡረተኛ ግን በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ የተማሩ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጽሑፉን ትተው ከሩሲያኛው በቀጥታ እየተረጎሙልን ነበር።

ጭቅጭቁ የጀመረው ገና ዶሮው ላይ ነው።

«ዶሮ 12 ብልት አላት» አለ ሹፌሩ፣ «ለጠፋበት ለየዓመቱ አንድ አንድ ብልት ከፈላቸው ማለት ነው።»

«ቢያንስ ባዶ እጁን አልመጣም» አሉ ጋሼ።

ከዚያ የድልድዩ ቦታ መጣ። ኢቫን ዓሣ ሳናጠምድ ለምን እንሄዳለን ብሎ ሲነጫነጭ፣ አባትየው መኪናውን አቁሞ ከነመንጠቆው ያወርደውና ጥሎት ይሄዳል። ዶፍ ይወርድበታል። እኛም ሸራ ላይ ዝናብ እየወረደ ስለነበር ነገሩ ይበልጥ ቀዘቀዘን። ሹፌሩ ብድግ አለ።

«እኔ ልጄን እንዲህ ጥዬው ብሄድ እናቱ ታሳስረኛለች! ይሄ ምን አባት ነው? የአሥር አለቃ ነው!»

«ተመልሶ ወስዶታል እኮ» አሉ ጋሼ።

«ከበሰበሰ በኋላ!»

«አንተ ልጅ፣ በኛ ጊዜ አባት እንዲህ ነበር። የሚወድህን አትሰማውም፣ ታየዋለህ። ጎማው ጭቃ ሲውጠው ቅርንጫፍ ከስሩ እንዲያስገቡ አላስተማራቸውም?»

ኤዲተሩ ልጅ በመሃል ገባ። ልጆቹ አባታቸው እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ቆጥ ላይ ወጥተው የድሮ ፎቶ ሲፈልጉ፣ ፎቶው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፣ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ካለበት ሥዕል ጋር እንደሚገኝ አስታወሰን። እኔ ሳየው አልፎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙን በሌላ ዓይን አየሁት፤ ምክንያቱም ደሴቱ ላይ ቢላ የሚያወጣው አባት ሳይሆን ኢቫን ነው። አባትየው ቆየህ ብሎ አንድሬይን ሲመታው ትንሹ በቢላ ይቆምበታል። የተለየህ ብትሆን እወድህ ነበር፣ አሁን ግን እጠላሃለሁ እያለ ይጮኻል።

እዚህ ጋ ጋሼ «እጠላዎታለሁ» ብለው ነበር የተረጎሙት።

«ጋሼ፣ ልጁ እኮ አንተ ነው ያለው» አለ ኤዲተሩ።

«አውቃለሁ። አፌ እምቢ አለኝ።»

ማንም አልሳቀም። ኢቫን ሮጦ ረጅም ማማ ላይ ይወጣል። አባትየው ይከተለዋል። ጫፍ ላይ የያዘው እንጨት ይገነጠላል፣ ይወድቃል፣ ይሞታል።

ቡና አፍይዋ እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ነው ያየችው። ልጇን ለብቻዋ ያሳደገች ናት። ሁለተኛውን እየቀዳች «እዚያ በጉ ተገኘ፤ እዚህ በጉ አባትየው ሆነ» አለች። ቀጥላ ደግሞ «እናትየዋንስ ማን ጠየቃት? 12 ዓመት ያሳደገች እሷ! እሱ ዶሮ ቆርሶ ጌታ ሆነ» ብላ ስኒውን ጋሼ ፊት ጠንከር አድርጋ አስቀመጠችው።

ጋሼ ስኒውን ሳያነሱ ነገሩን ወደ ራሳቸው አመጡት። ለትምህርት ሲሄዱ ልጃቸው ገና ዳዴ ይል ነበር። ሲመለሱ ስድስት ዓመቱ ነው። ሻንጣ ይዘው በር ላይ ሲቆሙ አያቸውና ወደ ጓዳ ሮጦ «እማዬ፣ እንግዳ መጥቷል» አለ።

«አባባ በል ብዬ ገረፍኩት» አሉ።

«ከዚያስ?» አለ ሹፌሩ።

«ከዚያማ አለ። እየተገረፈ ምን ይበል?»

ሹፌሩ የሚመልሰው አጣ። ከአባትየው ጋር እንጂ ከጋሼ ጋር ሊጣላ አልፈለገም መሰለኝ። ወሬ ለማስለወጥ ወደ ሳጥኑ ዞረ። «ለመሆኑ ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር? ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ይሄን ሳላውቅ?» ኤዲተሩ ሳጥኑ ምንም አይደለም፣ ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ነው ያስቀረው አለ። ሹፌሩ ይሄ ማጭበርበር ነው አለ። በዚህ ብቻ አንድ ዙር ቡና አለቀ። ላሳጥረው።

መሃል ላይ ኤዲተሩ አንድ ነገር ነገረን። አንድሬይን ሆኖ የተጫወተው ቭላዲሚር ጋሪን ፊልሙ ቬኒስ ሳይደርስ፣ በዚያው 2003 ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል። 16 ዓመቱ ነበር። ፊልሙ ደግሞ የሚከፈተው ልጆች ከማማ ላይ ውሃ ውስጥ ሲዘሉ ነው። ቡና አፍይዋ አማተበች።

ዝናቡ ሲያባራ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ጆሯቸው ስለከበደ ሁሌም ድምፁን ለቀው ነው የሚያወሩት። ውጭ አገር ያለው ልጃቸው ነበር። «ጋሼ፣ መድኃኒትህን ወሰድክ?» አለ። «ወስጃለሁ» አሉ፤ አልወሰዱም ነበር፤ ከኪሳቸው አውጥተው በቡናው ዋጡት። ያ እየተገረፈ አባባ ያለው ልጅ እንደኛው ጋሼ ነው የሚላቸው። አንተ ግን ይላቸዋል።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ በድልድዩ ነገር ከሹፌሩ ጋር ነኝ። ልጅን ዝናብ ላይ ጥሎ መሄድ ትምህርት አይባልም። የአባትየው ትልቁ ጥፋት ግን ጭካኔው አይመስለኝም። አባት በሉኝ ብሎ መጣ፤ ይሄን ያህል ዘመን የት ነበርክ የሚለውን ጥያቄ ግን ዘጋባቸው። አንድሬይ ቃሉን ቶሎ ሰጠው። ኢቫን ያዘበት። እኔ ልቤ ከኢቫን ጋር ነው፤ ያላመነበትን ቃል ስላልተናገረ።

ጋሼም ግን በአንድ ነገር ረትተውኛል። አባትየው ከሞተ በኋላ ሁለቱ ልጆች ሬሳውን እንዴት ወደ ጀልባው እንደሚያደርሱት ግራ ይገባቸዋል። ከዚያ ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ፣ ከስሩ ያነጥፋሉ፣ እየጎተቱ ይወስዱታል። ጭቃው ላይ ያሳያቸውን ነገር። ያንን ሳይ ጉሮሮዬ ተያዘ። ጀልባዋ ሬሳውንም ሳጥኑንም ይዛ መስጠም ስትጀምር ኢቫን ውሃው ውስጥ እየሮጠ «ፓፓ!» ይላል። ይሄን ጋሼ አልተረጎሙትም። ሁላችንም ገብቶናል።

ሹፌሩ ግን እስከ ዛሬ ሳጥኑ ውስጥ ወርቅ ነው የነበረው ባይ ነው።