ከተማዋን ቅዳሜ ቁጠሯት

በቀደም ከጅማ ተነስቼ አንዲት ትንሽ ከተማ ሄጄ ነበር። ስሟን ልተወው፤ የማወራው ስለ እሷ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ ብሄድ ኖሮ የማገኘው ሁለት ባጃጅ፣ ጥላ ሥር የተኛ ውሻና ሱቅ ደጃፍ ላይ ስልኩን የሚነካካ ልጅ ነበር። የሄድኩት ግን ቅዳሜ ነው፤ የገበያዋ ቀን። ከሚኒባስ ወርጄ መንገዱን ለመሻገር ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ።

ገበያው አፍ ላይ ጊቢያቸውን ለእንስሳት ማሰሪያ የሚያከራዩ አንዲት እናት አሉ። አህያም ፈረስም በቅሎም ይገባል። አንድ እንስሳ በገባ ቁጥር እማማ አንዲት የቦሎቄ ፍሬ ጣሳ ውስጥ ጠብ ያደርጋሉ። ማታ ፍሬውንና ብሩን ያስተያያሉ። እኔ ስደርስ ገና አምስት ሰዓት ነበር፤ ጣሳው ግማሹን አልፏል።

ከተማዋን በወጉ የሚቆጥራት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው ብዬ አሰብኩ።

በአገራችን ስታቲስቲክስ አሠራር ከተማ የሚባለው በመርህ ደረጃ 2,000 ሰውና ከዚያ በላይ የሚኖርበት ቦታ ነው። የወረዳ መቀመጫ ከሆነ ግን ሰው ቢያንሰውም ከተማ ይባላል። በአጭሩ፣ ወይ ሰው ወይ ቢሮ ነው። ጅማ ዙሪያ ያሉትን ትናንሽ ከተሞች ግን የሠራቸው ገበያ ነው። ቢሮው በኋላ መጣ።

ዴዶን ውሰዱ። ከጅማ በስተደቡብ ያለ ወረዳ ነው። ከፍታው ላይ 2,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ወደ ጎጀብ ወንዝ ሲወርድ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል። አንዱ ጋቢ ተከናንቦ ገብስና ድንች ሲያበቅል፣ ሌላው ታች በሙቀት ማሽላ ይጠብቃል። የደጋው ሰው የቆላውን እህል ይፈልጋል፤ የቆላውም የደጋውን። ሁለቱም ጨውና ሳሙና ይፈልጋሉ። እንግዲህ አንድ መሀል ቦታ መገናኘት አለባቸው። በአጋሮ በኩል ደግሞ ገበያው ቡና ነው። ከተማው አንድ መንገድ ነው፤ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ከሱቁ ጓሮ ወዲያውኑ ዋንዛና ሰሳ ዛፍ ሥር ቡና ይጀምራል። ባለሱቁ ጧት ከተሜ፣ ከሰዓት ገበሬ ነው።

ጅማ ራሷም እንዲሁ ናት። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው። ገበያው ግን ታች ሄርማታ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሩቅ አገር ሁሉ ነጋዴ የሚጎርፍበት። ዛሬ ከተማዋ ያለችው ገበያው ጋ እንጂ ቤተ መንግሥቱ ጋ አይደለም። ሄርማታ የሚለውን የቀበሌ ስም ያልሰማ የጅማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በ1987ቱ ቆጠራ 23,246 ሰው ተገኘባት። በ1999ኙ 25,458። ልዩነቱ 2,212 ብቻ ነው፤ ያውም ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ! በዚያው ጊዜ ጅማ ከ88,867 ወደ 120,960 ዘለለች። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። በ1993 እና በ1994 አካባቢም የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ወድቆ ነበር። እኔ ግን አንድ ሌላ ጥርጣሬ አለኝ። ጥርጣሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የ1987ቱ ቆጠራ የተካሄደው በጥቅምት ነው። የ1999ኙ በግንቦት። ቡና አገር ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በጥቅምት ቡናው ይቀላል፣ ለቃሚው ከየቦታው ይመጣል፣ የሚከራይ ክፍል ይጠፋል። በግንቦት ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ ኪስም ባዶ ነው። ቆጣሪ የሚመዘግበው የዘወትር ነዋሪን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዓመቱን ከፋፍሎ እዚህም እዚያም የሚያድር ለቃሚ የዘወትር መኖሪያው የት ነው? ቆጣሪው በሩን ሲያንኳኳ ያገኘው ቦታ ይመስለኛል።

ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ሊካሄድ ታቅዶ ተራዘመ፣ በ2011ም እንደገና ተራዘመ። ስለዚህ ዕቅድ የሚወጣው ከ1999 ቁጥር ተነስቶ በተሠራ ግምት ነው። ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ የሚነግረን ማክሰኞ ማታ ከተማዋ ውስጥ የሚተኛውን ሰው ነው። ቅዳሜ ቀን የቆመውን አይደለም።

ይሄ ምን ያመጣል? ልንገራችሁ። ገበያው መሀል አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ ጠየቀችኝ። እኔም እንግዳ ነኝ። አብረን አንድ ሻይ ቤት ገባን። «ቁልፍ ነው፣ ለተስተናጋጅ ብቻ» አሉን። ሻይ አዘዝን። ለእሷ ቁልፉ መጣ፣ እኔ ሁለት ሻይ ጠጣሁ። ስንወጣ ቦኖው ጋ የተደረደረው ጀሪካን መንገዱን ዘግቶታል። ነዋሪው ቅዳሜ ውሃ እንደማይቀዳ፣ አርብ አጠራቅሞ እንደሚያድር ኋላ ሰማሁ። ለነዋሪ ተብሎ የተተከለ ቦኖ ከአምስት ቀበሌ የመጣ ሰው ሲሰለፍበት ምን ያድርግ?

አንድ የስታቲስቲክስ ሰው ወዳጄ በዚህ ሐሳብ ይስቃል። «ገበያተኛውን ቅዳሜ እዚህ ቆጥረህ፣ ሰኞ ጎረቤት ከተማ ትደግመዋለህ። አገሩ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆንልሃል» ይላል። እውነቱን ነው። የገበያ ቀኑ የተለያየው ነጋዴው እንዲዞር ነው። ግን እኔ ያገሪቱ ድምር ይቀየር አላልኩም። የነዋሪው ቁጥር ባለበት ይቀመጥ። አጠገቡ አንድ ዓምድ ይጨመር፦ በገበያ ቀን የሚገባ ሰው፣ በለቀማ ወቅት የሚያድር ሰው። ለመጸዳጃ ቤትና ለቦኖ የሚያስፈልገው ይሄኛው ዓምድ ነው።

ከባድም አይደለም። ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ የሚያስገባው መንገድ ሦስት ወይ አራት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር በሚለው ትምህርቱ ተማሪዎቹን ወደነዚህ ከተሞች መላክ ከጀመረ ቆይቷል። በየመግቢያው ሁለት ሁለት ተማሪ ይቁም። አንድ ቀን በክረምት፣ አንድ ቀን በኅዳር። ወጪው ቢበዛ ምሳና የዝናብ ልብስ ነው፤ የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ገበያው ተበትኗል፣ ባዶ ጆንያና የሸንኮራ ልጣጭ ቀርቷል። እማማ ጊቢያቸው ውስጥ አንድ አህያ ብቻ ታስሯል፤ ባለቤቱ የት እንደገባ አልታወቀም። ቦሎቄውን ሰፌድ ላይ ገልብጠው አሥር አሥር እያደረጉ ይቆጥራሉ።

«ይሄ ደግሞ ነገ ይቀቀላል?» አልኳቸው።

«ኧረ ልጄ! ይሄማ የቆጠራ ነው። አርጅቷል፣ ሲቀቅሉት ቢውሉ አይበስልም።»

ከዚያ ጣታቸውን ሰፌዱ ላይ እንዳደረጉ ቀና ብለው አዩኝና «አስጠፋኸኝ» ብለው ከአንድ ጀመሩ።