ጥቁር ገብታ ቀይ የወጣችው ጀበና

ሜሪላንድ ውስጥ ማታ ማታ የሸክላ ሥራ መማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ክፍሉ ውስጥ ጠበቃ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ አሉ። ሁሉም ከፍለው ነው ጭቃ የሚያቦኩት። እኛ ደግሞ ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ቢከለክሉም ስድቡ ዛሬም ከየጓዳው አልወጣም። ይህን ብዙ ሰው ስለታዘበው እዚሁ ልተወው።

እኔን ይከነክነኝ የነበረው ግሌዝ ነው፤ ያ ሸክላን እንደ ብርጭቆ የሚያብለጨልጨው ሽፋን። በተለይ ቀለም የሌለው፣ ጥርት ያለው። ዋናው ነገሩ ሲሊካ የሚባለው የአሸዋ ማዕድን ነው፤ ብቻውን ለመቅለጥ ከ1,700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። ፌልድስፓር የሚባል ማዕድንና ኖራ መሰል ድንጋይ ሲቀላቀሉበት ግን እኛ በምንጠቀምበት እቶን 1,220 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ ደግሞ ቀልጦ እንዳይወርድ ያወፍረዋል። ባልዲ ውስጥ ሲታይ ወተት ነው። አንዴ የተቃጠለውን ዕቃ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ነክረህ ታወጣለህ፤ የሳልከው ሁሉ በነጭ ይሸፈናል፤ በማግስቱ እቶኑ ሲከፈት ሥዕልህ ከመስታወት ሥር ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም።

አምና አገር ቤት ስሄድ አዲስ አበባ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ሰፈር ቀጨኔ ወርጄ ጀበና ገዛሁ። ሴቶቹ ጭቃውን በእጃቸው ቅርጽ አስይዘው፣ በድንጋይ አለስልሰው፣ ሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር ያቃጥሉታል። የውጭ አገር አዋቂነቴ አላስቻለኝምና አንዷን አዛውንት «እማማ፣ ውሃ እንዳያሳልፍ ለምን ግሌዝ አትቀቡትም?» አልኳቸው። ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ከት ብለው ሳቁና «ልጄ፣ እሱማ የገዢው ሥራ ነው። ወስደህ አሟሻት» አሉኝ።

አላሟሸኋትም። ሜሪላንድ ይዣት መጣሁና መምህሬን ግሌዝ ልቀባት አልኳት። በ1,220 ዲግሪማ ቅርጿን ታጣለች አለችኝ፤ በሜዳ እሳት ያለፈ ሸክላ ያን ያህል ሙቀት አይችልም። 1,000 ዲግሪ ላይ የሚቀልጥ ጥርት ያለ ግሌዝ ሰጠችኝ። ነከርኳት፤ ጀበናዋ እንደተጠማ ሰው ጠጣችው። ይህ የመጀመሪያው ጥፋቴ ነበር፤ ሸክላው ውሃውን ሲመጥ ግሌዙ ላዩ ላይ ወፍሮ ይቀራል።

በማግስቱ እቶኑን ስንከፍት ጥቁሯ ጀበናዬ ቀይ ሆና ጠበቀችን። ጥቁረቷ ለካ ጭስ ያስገባባት ካርቦን ኖሯል፤ አየር በሚያገኝ እቶን ውስጥ ተቃጥሎ ጠፋ። ግሌዙ በወፈረበት አንገቷ ላይ እንደ ደመና ነጣ፤ ሆዷ ላይ ደግሞ የሸረሪት ድር በመሰለ ስንጥቅ ተሞላ፤ ሲቀዘቅዝ ከሸክላው ይበልጥ ስለሚኮማተር ነው። እንዲህም ሆና ታምራለች ብዬ ቡና ጣድኩባት። ገና ሳይፈላ «ቀጭ» አለች፤ ምድጃው በቡና ተጥለቀለቀ።

አክስቴ ጋ ደውዬ ስነግራት «ደግሞ ጀበናን ብርጭቆ ላድርጋት የሚል ሰው ከየት ይመጣል!» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ሸክላ እሳት ላይ የሚችለው ሻካራና ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ ነው፤ ሲሞቅ ሲለጠጥ የሚተነፍስበት ቦታ አለው፤ የተጀመረ ስንጥቅም ቀዳዳና ጠጠር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ያን የሚዘጋው ደግሞ ባለቤቱ ነው። ምጣድ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጀበና የቡና አተላ ይፈላባታል። እዚህ ዕቃ ከእቶን ሲወጣ አልቆለታል፤ የኛ ሸክላ ግን ቤት ገብቶም ገና ይሠራል። እኔ ጉድለት ያልኩት ይህን ነበር።

ግሌዝንም ድሮ ሳናውቀው ቀርተን አይደለም፤ ረከቦት ላይ ተደርድሮ አለ። «ሲኒ» የሚለው ስም ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። ከንፈር የሚነካው ሲኒ ግሌዝ ለብሷል፤ እሳት ላይ የምትጣደው ጀበና አልለበሰችም። ይህን ክፍፍል በልጅነቴ በቀን ሦስቴ እያየሁት አላስተዋልኩትም።

አሁን ሌላ ጀበና አስልኬ በአተላ እያፈላሁ እያሟሸኋት ነው። ግሌዙን ለሲኒ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ስድስት ሠርቼ የሁለቱን ግርጌ መጥረግ ረሳሁና ቀልጦ የወረደው ግሌዝ ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር አጣበቃቸው። መምህሬ ምንም ሳትናገር መዶሻ አቀበለችኝ።